ሊያሮ ያልሰጠመችበት ሰፈር

በዚያ ማክሰኞ ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለው ሰፈር በሙሉ እኩል ተናዶ ነቃ።

ወትሮ አሥር ሰዓት ሲሆን ድሬዳዋ ቀስ ብላ ነው የምትነሣው። መስኮት ይከፈታል፣ ሕፃናት ውሃ ይጠይቃሉ፣ ባጃጆች ከየተጠለሉበት ይወጣሉ፣ ሰውም ፊቱን ታጥቦ ወደ ጀመረው ሥራ ይመለሳል። ቀትር ላይ ደጅ መገኘት ከተከለከለ ወዲህ የተወለዱት ዛሬ የልጅ አባት ሆነዋል፤ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች መንገድ የሚሄድ ሰው እንደነበረ ሲነገራቸው ይስቃሉ። ከስድስት እስከ አሥር ከተማው ይተኛል። የሚተኛው ትራሱ ላይ ነው፤ ትራሱም ከአዲስ አበባ ማሰራጫው የሚልከውን ሕልም ያሳየዋል። ሰኞና ረቡዕ ኳስ፣ ሐሙስ የሰርግ ውድድር፣ ማክሰኞና ዓርብ ደግሞ አገር ያበደለት ተከታታይ ድራማ፣ «የዘጠኙ በሮች አገር»። የራሱን ሕልም የሚያይ ሰው የለም። ካየም የበላው ምግብ ሳይስማማው ቀርቶ ነው ይባልና ይታዘንለታል።

ትርሲት ስትነቃ እግሯ የረጠበ መሰላት። በእንቅልፏ ሐመል ወንዝ ዳር ቆማ ነበር። ውሃው ጥቁር ነው፤ ድምፅ የለውም፤ የበሮቹ መብራት ላዩ ላይ እንደ ዘይት ተንሳፎ ይታያል። የዓይነ ስውሩ ንጉሥ የአግማስ ልጅ ሊያሮ የገመዱን ጫፍ ወገቧ ላይ አስራ ገባች። ትርሲትም አብራት ገባች፤ ብርዱ እስከ ጉልበቷ ተሰማት። መሐል ላይ ሲደርሱ ገመዱ ላላ። ውሃው አልታገለም፣ አልጮኸም፤ ልጅቷን ቀስ አድርጎ ወሰዳት። ታንኳ ቀዛፊዋ ማዶ ተቀምጣ አየች እንጂ ከቦታዋ አልተነሣችም። ከዚያ ሙዚቃው መጣና ክፍሉ አለቀ።

«ሞተች?» አለች ትርሲት፣ ማንም በሌለበት ክፍል።

ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤቷ «ገደሏት!» ብሎ ጮኸ። ከመንገዱ ማዶ ሌላ ድምፅ «ገደሏት እኮ!» ሲል መለሰለት። ከላይኛው ፎቅ በረንዳ አንድ ሰው ትራሱን ወደ መንገዱ ወረወረው። ትራስ ውድ ዕቃ ስለሆነ ወዲያው ወርዶ አነሣው።

ሊያሮ መሞት አልነበረባትም። ያ ሰፈር ይህን እንደ ገዛ ስሙ ያውቀዋል። ድራማው ከመጽሐፍ የተሠራ ነው፤ በአራተኛው መጽሐፍ ልጅቷ ልትሰጥም ስትል ታንኳ ቀዛፊዋ ዘልላ ትገባለች፤ በሹሩባዋ ይዛ ጎትታ ታወጣታለች። ጫማዎቿን ውሃው ወስዶባት ነበርና ቀዛፊዋ ከራሷ ቀይ ጫማዎች አንዱን አውልቃ ታጠልቅላትና «ለአንቺ አንድ፣ ለእኔ አንድ» ትላታለች። ከዚያ ወዲህ ሊያሮ በአንድ ጫማ አባቷን እየመራች በር ከበር ታልፋለች። በሰፈሩ ሙሽራ ከመኪና ስትወርድ አንድ ጫማዋን አውልቃ ለሚዜዋ ትሰጣለች። በሰፈሩ ኳስ ቡድን ማሊያ ላይ የተሣለውም ቀይ ጫማ ነው። ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ነገሩ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ «እንዴ፣ መጽሐፉን አታውቀውም?» ይባላል። ጠያቂው አፍሮ ዝም ይላል፤ ዘጠኝ ወፍራም መጽሐፍ አንብቤ ጨርሻለሁ የሚል ሰው በዚህ ዘመን ከየት ይመጣል? የሰፈሩም ሰው ቢሆን አላነበበውም። ተነብቦለት ነው ያደገው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሰዉ ዋናው ጥላ ሥር ተሰበሰበ። ጥላውን የምትዘረጋው ትርሲት ናት። ሥራዋ ነው፤ በየጠዋቱ ከጣሪያ ጣሪያ እየተሻገረች መንገዱ ላይ ሸራ ትወጥራለች፣ ሲመሽ ትሰበስባለች። በየቤቱ ጣሪያ የምትረማመድ ሴት የየቤቱን ነገር ትሰማለች፤ ሰምታ ዝም ማለት ስለምታውቅ ደግሞ ሰፈሩ ያምናታል።

«አቦ እኔ ስንቱን ዋጥኩ!» አለች በረዶ ሻጯ ዛህራ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «የንጉሡን ጺም ላጩት፣ ዋጥኩ። የአጥንቱን በር አረንጓዴ ቀለም ቀቡት፣ ዋጥኩ። ፈረሶቹን ምን እንዳደረጓቸው አላህ ይወቀው፣ እሱንም ዋጥኩ። ልጅቷን ግን አልውጥም! ወላሂ አልውጥም!»

«ያቺ ቀዛፊ ደግሞ ተቀምጣ ታያለች እንዴ?» አለ አንዱ። «ምን ሆና ነው የማትነሣው? ወገቧን አሟት ነው?»

ሳቅ አልመጣም። የሁሉም ዓይን በጎን በጎን ወደ ፀጉር ቤቱ ደጅ ይሄድ ነበር። ፀጉር ቆራጩ ነጂብ እዚያ ቆሟል፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ። ሰፈሩ ሁሉ ሲናደድ ያልተናደደ እሱ ብቻ ነበር። ልጅ ሳለ ደቻቱ በአንድ ዝናብ ሞልቶ መጣና እናቱን ወሰዳት፤ አስከሬኗም አልተገኘም። ይህን የማያውቅ የለም፤ አፍ አውጥቶ የሚያወራም የለም። እና ዛሬ ደግሞ በጠራራ ቀን፣ ትራሱ ላይ፣ ውሃ ውስጥ አቁመው ያንኑ አሳዩት። ትርሲት ዓይኗን ከነጂብ ላይ ነቅላ ወደ ሰዉ ዞረች። አብሮ አደጓ ነው፤ በአንድ ጫማ እያነከሱ አብረው ሮጠዋል።

«ቅሬታ እናስገባ» አለች።

ቅሬታ ቀልድ አይደለም። ማሰራጫው ድሮ ከያለበት በሚጎርፍ ስሞታ ሊታፈን ደርሶ ሕግ አውጥቷል። ስሞታ የሚቀርበው በሰፈር ስም ነው። ከመጽሐፉ ጋር ተመሳክሮ ልክ ከሆነ፣ ክፍሉ ታርሞ ለመላ አገሪቱ እንደገና ይታለማል። ልክ ካልሆነ የሰፈሩ ትራሶች ድራማው እስኪያልቅ ዝም ይላሉ። ድራማው ሊያልቅ የቀረው ጥቂት ነው። መጨረሻውን ደግሞ ይህ ሰፈር ከማንም በላይ ይጠብቀዋል፤ ምክንያቱም ልጆች ሳሉ ዘጠነኛው መጽሐፍ ድሬዳዋ አልደረሰላቸውም። ንጉሥ አግማስ ዘጠነኛውን በር ከፍቶ ምን እንዳገኘ ሳያውቁ ነው ፀጉራቸው የሸበተው።

«ትርሲት፣ ቆዪ እስኪ» አለ ነጂብ ከበሩ ላይ።

ድምፁ ሲሰበር ሰማች። በሐዘን መሰላት። ከዚያ ወዲያ ለመቆየት ልብ አላገኘችም።

«ምን እንቆያለን? በቃላችን የምናውቀው ነገር አይደለም እንዴ!» አለችና የሰፈሩ ሰሌዳ ላይ አውራ ጣቷን ጫነች። ሰዉ አጨበጨበ። ዛህራ ለሁሉም በነፃ በረዶ አደለች፤ ይህን ስታደርግ ከዚያ በፊት ያየ የለም።

ትርሲት ቤት ስትገባ እኅቷ አስካል ጓዳ ተቀምጣ ጊሽጣ እየፈለፈለች ነበር። አስካል ታላቋ ናት፤ ትዳር አልያዘችም፤ ትራስም አትጠቀምም። ሲጠይቋት «አንገቴን ያመኛል» ትላለች። ሰፈሩ እንደ ሽማግሌ ጠባይ ቆጥሮ ትቶላታል። «የዘጠኙ በሮች አገር»ን ለዚያ ትውልድ ያነበበችው እሷ ነች። ያኔ የቀትር ክልከላው አዲስ ነበር፤ ልጆቹ መተኛት እምቢ አሉ፤ እናቶች ተቸገሩ። አስካል የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ግንቡ ወፍራም ወደሆነው አሮጌ የባቡር መጋዘን ትወስድና፣ ሲሚንቶው ላይ አጋድማ፣ ሙቀቱ እስኪበርድ ታነብላቸው ነበር።

ትርሲት የሆነውን በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት። የአስካል ቢላ ቆመ።

«ቅሬታውን አስገባሽ?»

«አስገባሁ!»

«መልሺው።»

«አይመለስም። ደግሞ ለምን እመልሳለሁ? አራተኛው መጽሐፍ ላይ ቁልጭ ብሎ...»

«የለም» አለች አስካል።

«ምኑ የለም?»

«ቀዛፊዋ አትነሣም። ልጅቷ ትሞታለች።» አስካል ቢላውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። «ያኔ ደቻቱ የነጂብን እናት ከወሰዳት ገና ሳምንቱ ነበር። አክስቱ እጁን ይዛ አምጥታ ጥግ ላይ አስቀመጠችው። አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔ ደግሞ የማነበውን አስቀድሜ አላይም ነበር፤ አብሬያችሁ ነበር የምደርስበት። ገጹን ስገልጥ ውሃው ልጅቷን ይወስዳታል። ቀና ስል ልጁ ያየኛል። በፈጠረሽ፣ ምን ላድርግ? አላነበብኩትማ! አፌ ራሱ ነው ቀዛፊዋን ያስነሣት።»

ትርሲት ቁጭ አለች።

«ጫማውስ?»

«ያን ዕለት ያደረግሁት ቀይ ጫማ ነበር» አለች አስካል። «ዓይኔ እሱ ላይ አረፈ።»

«ከዚያ በኋላስ? እስከ ስምንተኛው ድረስ እኮ አለች! የመስተዋቱን በር ያለፈችው፣ ንጉሡን ከወኅኒ ያወጣችው...»

«ምን ላድርጋት ታዲያ? አንዴ ካወጣኋት በኋላ መልሼ ልክተታት? ንጉሡ ብቻውን የሚሄደውን ሁሉ እሷን ጎኑ እያደረግሁ አነበብኩት። የሚያለቅስላትን ገጽ ዘለልኩ። እሱ ለራሱ የሚናገረውን ለእሷ አስነገርኩት። ሌሊት ሌሊት እያጠናሁ ነበር፤ መምህርም እንደዚያ አይዘጋጅም።» ትንሽ ፈገግ አለችና ፈገግታው ወዲያው ጠፋ። «ዘጠነኛው ላይ ግን ተሸነፍኩ። ዘጠነኛው ከጫፍ እስከ ጫፍ የሞተች ልጁን ፍለጋ ነው። እሷን ጎኑ አድርጌ እንዴት አድርጌ እሷን ላስፈልገው?»

«ድሬ አልደረሰም ያልሽን መጽሐፍ?»

«አልጋዬ ሥር ነው።»

ትርሲት መጀመሪያ የተሰማት ንዴት ነበር፤ ንጹሕ፣ የልጅ ንዴት። ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ታሪክ ይዛ ኖራ፣ ታሪኩ ከእኅቷ ጫማ የመጣ ሆኖ አረፈው። ሁለተኛው ፍርሃት ነበር። የሰፈሩን ትራስ አስይዛለች፣ ያውም በሌለ ገጽ። ሦስተኛው ከሁለቱም ይብሳል። ለነጂብ ማን ይነግረዋል? ያ ሰው እናቱ ከውሃው ባትወጣም አንዲት ልጅ ወጥታለች ብሎ ነው ያደገው። ያቺንም መልሶ ውሃ ውስጥ ለመክተት ማን ልብ ያገኛል?

በማግስቱ ልትነግረው ፀጉር ቤቱ ሄደች። ደንበኛ ይላጭ ነበር።

«ተቀመጪ» አላት፣ ምላጩን እየጠረገ። «እትዬ አስካል ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት።»

«ሰላም በይልኝ።»

ከመስተዋቱ ውስጥ ተያዩ። የሚለው ነገር ያለው ይመስል አፉን ከፈተና ወደ ደንበኛው ጺም ተመለሰ። ትርሲት ሸራ ላላብኝ ብላ ወጣች። ሸራው አልላላም ነበር።

የማሰራጫው መልእክተኛ ሐሙስ በጠዋቱ ባቡር መጣች። ወጣት ናት፤ ከአዲስ አበባ፤ የሚያቀዘቅዝ ካፖርት ለብሳ፣ ካፖርቱ ለብቻው ቀስ ብሎ ይተነፍሳል። ሰላምታዋ በ«እርስዎ» ነበር፤ በድሬ ሰው ሁሉ አንተ ለአንተ ነውና በዚህ ተያይተው ተጠቃቀሱ። ጥላው ሥር ወንበር ሰጧት፣ ዛህራ በረዶ ውሃ አቀረበችላት፣ እንግዳዋም ጉሮሮዋን ጠርጋ «እባካችሁ፣ ጎደለ የምትሉትን ክፍል ንገሩኝ» አለች።

ነገሯት። አንዱ ጀመረ፣ ሌላው ተቀበለ፣ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ሆነ። ማንም ሳይመራቸው ቀዛፊዋን አስነሡ፤ ውሃው ውስጥ ከተቷት፤ ሹሩባውን አስያዟት። አነጋገሩ የእነሱ አልነበረም፤ የትንፋሽ ማረፊያው፣ ድምፁ ዝቅ የሚልበት ቦታ ሁሉ በመጋዘኑ ቀትር አስካል ታነብበት እንደነበረው ነው። ሽበታም ወንዶች ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንደተኙ ሰዎች በቀስታ እየተወዛወዙ፣ «ለአንቺ አንድ፣ ለእኔ አንድ» አሉ። ትርሲት ብቻዋን ዝም አለች። ነጂብም ዝም ብሎ ነበር፤ እሷ ግን አላየችውም።

የካፖርቱ ትንፋሽ ብቻ ይሰማ ነበር።

«ያምራል» አለች መልእክተኛዋ። «ግን በአራተኛው መጽሐፍ የለም። በየትኛውም እትም የለም። ሦስት ጊዜ አይቻለሁ።»

«ቀይራችሁታላ!» ብሎ አንዱ ተነሣ። «መጽሐፉን ራሱን ቀየራችሁት!»

«ድሮም ይሄን ነው የሚያደርጉት! ጺሙንም እንዲሁ ነው ያጠፉት!»

«አታላዮች!»

ሰዉ ወንበሩን እየገፋ ተነሣ። መልእክተኛዋ ወንበሯን ወደ ኋላ ስትስብ ትርሲት አየች። ዝም ብትል ይበቃት ነበር። ሰፈሩ ማሰራጫውን እየረገመ፣ ሊያሮን ይዞ፣ አስካልን አክብሮ ይኖራል፤ ነጂብም አይጎዳም። ትራሱ ዝም ቢል ጥፋቱ የሌላ ሰው ይሆናል። ይህን ሁሉ አሰበችው፤ አልዋሽም፣ ጥሩ መስሎ ታያት። ነገር ግን ያቺ መልእክተኛ ልጅ ምንም አላጠፋችም።

«ዋሽታ አይደለም» አለች ትርሲት።

«እኔ ነኝ» አለ ከኋላ ሌላ ድምፅ። አስካል ከደጇ ወጥታ ጥላው ጫፍ ላይ ቆማለች፣ መቀነቷን እያጠበቀች። «ልጅቷ ትሞታለች። እንዳትሞት ያደረግኋት እኔ ነኝ። እዚያ ቦታ ላይ መጽሐፉን አላነበብኩላችሁም። ከዚያ ወዲያም ብዙ ቦታ አላነበብኩላችሁም።»

ዛህራ አንድ እግሯን ወደ ሌላው አጠጋች፤ በሰርጓ ቀን ያወለቀችው ጫማ ትዝ ብሏት ይሆናል። ከዚያ የሁሉም ፊት ቀስ እያለ ወደ ነጂብ ዞረ።

ነጂብ ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ አጠፈው።

«አውቃለሁ» አለ። «ሐረር አጎቴ ጋ የከረምኩ ጊዜ መጽሐፉን አገኘሁት። የቀዛፊዋን ቦታ ደግሜ ላነብ ነው የገለጥኩት። አጣሁት። ስፈልግ ስፈልግ ዋልኩ። መሞቷን ሳነብ ሁለተኛ ሰው የሞተብኝ መሰለኝ፤ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም።»

«ወይኔ ልጄን!» አለች አስካል።

«ቆዪ እትዬ፣ ልጨርስ። ስመለስ ስድስተኛውን ታነቢ ነበር። ልጋፈጥሽ ነበር አመጣጤ። ገብቼ ተቀመጥኩ። ንጉሡ ብቻውን የሚያልፍበት ገጽ ላይ ደረስሽ፤ እኔ ገጹን አውቀዋለሁ። አንቺ ትንሽ ቆም አልሽ፣ ላብሽን ጠረግሽ፣ ከዚያ ሊያሮን እጁን አስያዝሻት። ያኔ ነው የገባኝ። ይቺ ሰው ለእኔ ስትል በየቀኑ አንድ ልጅ ከሞት ታወጣለች አልኩ። ከዚያ ወዲያ መጋዘኑ የምመጣው ታሪኩን ልሰማ አልነበረም። አንቺን ልሰማ ነው።» ወደ ትርሲት ጠቆመ። «ማክሰኞ ዕለት ቆዪ ያልኩት ለዚህ ነበር። ትርሲት መች ትሰማለች።»

ትርሲት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አለቀሰች፤ ሳቀችም።

መልእክተኛዋ ሥራዋ ስለሆነ የሚገባውን ተናገረች። ቅሬታው ልክ አይደለም፤ ትራሶቹ ድራማው እስኪያልቅ ዝም ይላሉ። ስታዝን ታስታውቅ ነበር። የሚያስደነግጠው ግን እሷ ጣቷን ስታነሣ በየቤቱ ያሉት ትራሶች በአንድ ጊዜ ያሰሙት ድምፅ ነው፤ ሰው እንቅልፍ ሲወስደው እንደሚያወጣው ዓይነት ረጅም ትንፋሽ። ልትሄድ ስትል ወደ አስካል ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ይቅርታ፣ ልጅቷ በእርስዎ በኩል እስከ የት ደረሰች?»

«እስከ ስምንተኛው በር» አለቻት አስካል። «አንቺ በይኝ እንጂ የኔ ልጅ።»

ከዚያ በኋላ የመጡት ቀትሮች እንግዳ ነበሩ። ከተማው ስድስት ሰዓት ላይ ጸጥ ሲል ደቻቱ ዳር ያለው ሰፈር ጣሪያ ጣሪያ እያየ ይጋደማል። እንቅልፍ ሲመጣ ባዶ ይሆናል ብለው ፈርተው ነበር። ባዶ አልሆነም። ወጣቶቹ እየሮጡ ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ «ትራሱ ጠፍቶ ሳለ የሆነ ነገር ያሳየኛል» አሉ። ነርሷም እዚያው ሰፈር ነው የምትኖረው፣ እሷም አይታለች። ዛህራ የሞተ ባሏ በረዶ ሊገዛ መጥቶ ዋጋ ሲከራከራት አየች፤ ቀኑን ሙሉ ስትስቅ ዋለች። ትርሲት ሸራዋ ላይ ተኝታ አየች። ንፋስ ከሥሩ ገብቶ ሸራውን አነሣው፤ ገመዱ ቤቶቹን ይዞ ተነሣ፤ ሰፈሩ በሙሉ ከነአልጋው፣ ከነበረንዳው ደረቁን ደቻቱን ተሻግሮ ቀስ ብሎ ሄደ። ታች አሸዋው ላይ አንዲት ሴት ቆማ እጇን ታውለበልብ ነበር። ማን እንደሆነች አላወቀቻትም፤ ባዶ እግሯን እንደነበረች ግን ነቅታም አልረሳችውም። ማንም ያላዘጋጀው፣ ማንም ቅሬታ የማያቀርብበት ነገር ማየት ያስፈራል፤ ደስም ይላል። ለነጂብ ልትነግረው ፈልጋ ተወችው። እሱም ያየውን አልነገራትም።

የድራማው የመጨረሻ ክፍል በሚታይበት ዓርብ አገር ሁሉ ከስድስት ሰዓት በፊት ተኛ። ሱቅ ተዘጋ፣ ባቡር ቆመ። ደቻቱ ዳር ያሉት ግን ትርሲት ከደጃቸው እስከ አሮጌው መጋዘን ድረስ በወጠረችው ጥላ ሥር አንድ ባንድ ወጡ። ጉልበት የሚያማቸው በርጩማ ይዘው ነው የመጡት። ሲሚንቶው እንደ ድሮው ቀዝቃዛ ነበር። የማይታዘዝ ወገባቸውን ይዘው እያቃሰቱ በየድሮ ቦታቸው ተጋደሙ፤ ነጂብ ጥጉን ያዘ።

አስካል ከአልጋዋ ሥር ያወጣችውን ዘጠነኛውን መጽሐፍ ጭኗ ላይ አኖረች። ትርሲት አጠገቧ ተቀመጠች።

«እንዴት ላንብበው?» አለች አስካል፣ ወደ ጥጉ እያየች። «ሌሊቱን ሞክሬዋለሁ። እሷን ይዞ መሄድ አልቻልኩም።»

«እንዳለው አንብቢው እትዬ» አለ ነጂብ። «አሁን እኮ ሽማግሌ ሆኛለሁ።»

አነበበችው፣ ሳትጨምር፣ ሳትዘል። ድምፅዋ አርጅቷል፤ አነባበቧ ግን ያው ነው። ንጉሥ አግማስ ብቻውን፣ በበትሩ መንገዱን እየዳሰሰ፣ ያለፋቸውን በሮች ሁሉ ወደ ኋላ ተመለሰ። መሪ የለውም። ዘጠነኛው በር ሐመል ወንዝ ራሱ ነበር፤ የሚከፈተውም ከውሃው ማዶ የሚወደው ሰው ከመለሰለት ነው። የሚመልስለት እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። ዛህራ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ውጭው ነጭ ብርሃን ነው፤ ከተማው በሙሉ ተኝቶ ይህንኑ ወንዝ ያያል።

«ንጉሡም ውሃው ዳር ቆመ» ብላ አነበበች አስካል። «ድምፁን ከፍ አድርጎ ‹ሊያሮ!› ብሎ ተጣራ።»

ጣቷ የሚቀጥለው መስመር ላይ ቆመ። ትርሲት በትከሻዋ አሻግራ አየችው፤ አጭር መስመር ናት፤ የመለሰለት አልነበረም ትላለች። አስካል ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ድምፅ አልወጣትም። ዕድሜዋን ሙሉ ያላነበበችውን መስመር ዛሬም ማንበብ አቃታት።



«አቤት!» አለ ነጂብ፣ ከጥጉ።

አስካል ቀና አላለችም። ጣቷን ከመስመሩ ላይ አንሥታ ገጹን ገለጠችና ማንበቧን ቀጠለች።